ለልጅዎ ራስ ቅማል ምን ይቀቡ? የመድኃኒት ባለሙያ ምላሽ

ከደብረ ብርሃን የጻፉልን እናት የ7 ዓመት ልጃቸው ዓርብ ዕለት ከትምህርት ቤት እያለቀሰች እንደተመለሰች ይነግሩናል። መምህርቷ ክፍል ውስጥ «ቅማል አለብሽ፤ እስክትጸጂ እንዳትመጪ» ብለዋታል። ማታውኑ ጎረቤት ለድንች ማሳ የሚረጭ ፀረ ተባይ በውኃ ጠርሙስ ቀንሰው አመጡላቸው፤ የልጅቷ አያት ደግሞ «ወይ ላጪያት፣ ወይ በእንዶድ እጠቢያት» አሉ። እናትየው የ3 ወር ሕፃን ያጠባሉ። የጠየቁን ሦስት ነገር ነው፦ ምን ልቀባት? ተስቦ ያመጣባት ይሆን? ወደ ትምህርት ቤት መቼ ትመለስ?

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያንን ጠርሙስ። ክዳኑን አይክፈቱት። ዛሬውኑ ከማጀት አውጥተው ለጎረቤትዎ ይመልሱት፤ በመጠጥ ውኃ ጠርሙስ የተቀመጠ መርዝ፣ ቅማል ኖረም አልኖረም፣ ልጅ ባለበት ቤት ማደር የለበትም። ጎረቤትዎ ክፉ አስበው እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ የራስ ቅማል ክፉኛ የጎዳው ልጅ አላጋጠመኝም፤ ለቅማል ተብሎ የተቀባ ነገር የጎዳቸውን ልጆች ግን አይቻለሁ።

አንዷን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው፤ ዕድሜዋ 5 ቢሆን ነው። ማታ ራሷን በፀረ ተባይ ቀብተው፣ እንዳይተን ብለው በፌስታል ጠቅልለው አስተኝተዋታል። ጠዋት በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ስትገባ ምራቋ በአገጯ ላይ ይወርድ ነበር። ዓይኗ ያነባል፤ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል፤ ከደረቷ እንደሚንተከተክ ጀበና ያለ ድምፅ ይሰማል። ነርሷ መጀመሪያ ያነሣችው መርፌ አልነበረም። ጓንት አጥልቃ ፌስታሉን ቀደደች፤ ልብሷን አስወልቃ ራሷንና አንገቷን በሳሙናና በውኃ ደጋግማ አጠበች። ከዚያ ሐኪሙ የዚህን መርዝ ማርከሻ፣ አትሮፒንን፣ አዘዘላት፤ ደረቷ እስኪጠራ ድረስ ቀኑን ሙሉ እየተደጋገመ ተሰጣት። ልጅቷ ድናለች። ያን ሁሉ ያመጣባት ቅማል ግን አንድ ማበጠሪያና ጥቂት ትዕግሥት የሚበቃው ነበር።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በማሳ ላይ ከሚረጩት ፀረ ተባዮች ብዙዎቹ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ናቸው። ነፍሳትን የሚገድሉት ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ የሚያስተላልፈውን መልእክት ማቆሚያ በማሳጣት ነው፤ የሰውም ነርቭ የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። የራስ ቆዳ ደም ሥር የበዛበት ስለሆነ የተቀባውን ፈጥኖ ይመጥጣል፤ በልጅ ላይ ደግሞ ከሰውነት ክብደት አንጻር የቆዳው ስፋት ከአዋቂ ይበልጣል። በማከክ የተቆሳሰለ ራስ ሲሆን በሩ ከነጭራሹ ወለል ብሎ ተከፍቷል ማለት ነው።

አንዳንዶች ከእነዚሁ ፀረ ተባዮች አንዱን ጠቅሰው «ማላታይን እኮ ውጭ አገር ለቅማል ይታዘዛል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በ0.5 ከመቶ መጠን ተዘጋጅቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ 6 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ይሰጣል። ለእርሻ የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ 50 ከመቶ ነው። መቶ እጥፍ! በዚያ ላይ የተበጠበጠበት ፈሳሽ ለሰው ቆዳ ተብሎ የተሠራ አይደለም። «ጥቂት ጠብ ማድረግ» የሚባል መለኪያ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ነጭ ጋዝም ከዚህ አይሻልም። ቆዳን ያቃጥላል፤ በአፍ ገብቶ ትን ካለ ሳንባን ያቆስላል፤ ፀጉሯ በጋዝ የራሰ ልጅ ደግሞ ከሰል በተያያዘበት ቤት ውስጥ መቀመጧን ማሰቡ ይበቃል። በግድግዳና በአልጋ ላይ የሚነፋው ፍሊት ራስ ላይ አይነፋም። ለከብት የሚወጋ አይቨርሜክቲን ሰው አይጠጣውም፤ አይቀባውምም። ሊንዴን የሚባል የድሮ ሎሽን የሚሸጥልዎት ቢኖር አይግዙ። ነርቭን በመጉዳቱ የሚታወቅ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2009 የስቶክሆልም ስምምነት ዓለም አቀፍ እገዳ ከጣለባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ስለ ተስቦ የጠየቁት ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አያቶቻችን ቅማልን ከተስቦና እየተመላለሰ ከሚነሣው ትኩሳት፣ ከግርሻ፣ ጋር አያይዘው የፈሩት በከንቱ አይደለም። የፈሩት ቅማል ግን በዋናነት ሌላኛው፣ በልብስ ስፌትና እጥፋት ውስጥ የሚኖረው፣ ለመመገብ ብቻ ወደ ቆዳ የሚወጣው የልብስ ቅማል ነው። ተስቦን የሚያስተላልፈው ይህ ቅማል መሆኑን የለየው ቱኒስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ኒኮል ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1909። ያስተዋለው ማንም ሊያየው የሚችለውን ነገር ነበር። የተስቦ ሕመምተኞች እስከ ሆስፒታሉ ደጃፍ ድረስ በሽታውን ያስተላልፋሉ፤ ልብሳቸውን አውልቀው ከታጠቡ በኋላ ግን አጠገባቸው የተኛው ሰው አይያዝም። የሚያዙት ያን ልብስ የሚረከቡትና የሚያጥቡት ሠራተኞች ነበሩ። ኒኮል በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ስለዚህ ቤት ያላት፣ ልብስ የምትቀይር፣ ትኩሳት የሌለባት ልጅ ራስ ላይ ቅማል ስለታየ ተስቦ ይይዛታል ብለው እንቅልፍ አይጡ። ግርሻ ግን በአገራችን ዛሬም አለ፤ ሰው ተጨናንቆ፣ ልብስ ሳይቀይር በሚያድርበት ቦታ፣ በተለይ በክረምት ይነሣል። ልጅዎ ላይ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና የሰውነት ቁርጥማት ከታየ ቅማሉን ትተው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። አንድ ልማድ ደግሞ ከቤትዎ እንዲወጣ እለምንዎታለሁ፤ ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መሐል ማፈንዳት። የግርሻ ተሕዋስ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው ቅማሉ ሲጨፈለቅ የሚወጣው ፈሳሽ በተጫረ ቆዳ ወይም በዓይን በኩል ሲገባ ነው። የተገኘውን ሁሉ ሳሙና ያለበት ሙቅ ውኃ ውስጥ ይጣሉት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሥራው የሚቀለው የቅማሉን የቀን አቆጣጠር ላወቀ ሰው ነው። ያደገ የራስ ቅማል የሰሊጥ ፍሬ ያህላል። አይዘልም፣ አይበርም፤ ራስ ከራስ ሲገጥም ከፀጉር ወደ ፀጉር ይሄዳል። ሴቷ አንድ ወር ገደማ ትኖራለች፤ በቀን እስከ 8 የሚደርስ እንቁላል ከፀጉሩ ሥር አጠገብ ትለጥፋለች። ቅጫም የምንለው ይህን ነው። ቅጫሙ ከተጣለ በ8 ወይም በ9 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው አድጎ በተራው እንቁላል ለመጣል ደግሞ ከ9 እስከ 12 ቀን ያስፈልገዋል። የምንሠራው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባለው ክፍተት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሕያዋኑን እናጠፋለን፤ ከቅጫሙ አምልጠው የሚወጡትን ደግሞ ሳይወልዱ እንደርስባቸዋለን። አብዛኛው ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚለው ሁለተኛውን ዙር ስለሚተወው ነው።

ቅዳሜን አንድ ብለው ይቁጠሩ። አምስተኛው ቀን ረቡዕ፣ ዘጠነኛው እሑድ፣ አሥራ ሦስተኛው ሐሙስ ነው። ልጅዎ የምትበጠረው በእነዚህ አራት ቀናት ነው፤ መድኃኒት ካገኙ ደግሞ የሚቀባው በመጀመሪያው ቀን ቅዳሜና በዘጠነኛው ቀን እሑድ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ፐርሜትሪን 1 ከመቶ የሚባለው ሎሽን ነው። መድኃኒት ቤት ሲጠይቁ ቁጥሩን ያስረግጡ፤ 5 ከመቶ የሆነው ክሬም ለእከክ የሚታዘዝ ነው። ቤንዚል ቤንዞዌትም ለእከክ የሚሰጥ ሲሆን የልጅ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ለዚች ልጅ አልመርጠውም። ፀጉሯን በተራ ሻምፖ ይጠቡ። ቅቤ ወይም የፀጉር ቅባት ካለባት ሙልጭ ብሎ መውጣት አለበት፤ ቅባት መድኃኒቱ ፀጉሩን እንዳይዝ ያደርጋል፤ ኮንዲሽነርም እንዲሁ። በፎጣ አደራርቀው፣ ከጆሮዋ ጀርባና ከማጅራቷ ጀምረው እስኪርስ ይቀቡት። በዚህ ጊዜ ደረቅ ፎጣ በዓይኗ ላይ ትያዝ። 10 ደቂቃ፤ ሰዓት ይዩ። ማሳደር ጥቅም አይጨምርም። ገላዋን በሙሉ እንዳይነካ በሳፋ ላይ አጎንብሳ ለብ ባለ ውኃ ትለቅለቅ፤ ከዚያ ይበጠሩ። ለሁለት ቀን ያህል ራሷን አይጠቡ። ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ቆይተው ሲያዩ ቅማሎቹ እየተጎተቱ ከሆነ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ እንደ በፊቱ ፈጥነው የሚሮጡ ከሆነ ግን መድኃኒቱን የለመዱ ሊሆኑ ስለሚችሉ ደግመው ከመቀባት ይልቅ ባለሙያ ያማክሩ።

መድኃኒቱ ከተማው ውስጥ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ከከበደ አይጨነቁ። በአግባቡ የተሠራ ማበጠር ብቻውን የተሟላ ሕክምና ነው። እኔ ለራሴ ልጆች የመረጥኩትም እሱኑ ነው።

ማበጠሩ እንዲህ ነው። ቀትር ላይ፣ መስኮት ወይም በረንዳ ላይ ይቀመጡ፤ ብርሃኑ ከጀርባዎ ይምጣ። ልጅቷ በጉልበቶችዎ መሐል ትቀመጥ፤ ትከሻዋ ላይ ነጭ ፎጣ ያንጥፉ፤ ሹሩባዋ ተፈትቶ ፀጉሯ ውኃ የጠገበ ይሁን። መድኃኒት በማይቀባባቸው ቀናት፣ ረቡዕና ሐሙስ፣ ኮንዲሽነር በብዛት ይቀቡ፤ ቅማሉ በእርጥብና በሚያዳልጥ ፀጉር ላይ መሮጥ አይችልም። የእኛ ፀጉር የተጠቀለለ ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለውን ማበጠሪያ በቀጥታ ካስገቡት ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እርስዎም ይተዉታል። መጀመሪያ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ያፍታቱ። ከዚያ ለሹሩባ እንደሚከፍሉት አድርገው በቀጭን በቀጭን ይክፈሉ። አንዱን ክፋይ ይዘው የብረቱን ማበጠሪያ፣ የጥርሶቹ ክፍተት ከ0.3 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን፣ የራስ ቆዳውን አስነክተው እስከ ጫፍ ድረስ በአንድ ትንፋሽ ይሳቡት። በነጭ ሶፍት ይጥረጉትና ይዩ። ቡናማ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ቅማል ነው። ያንኑ ክፋይ አራት ጊዜ ይድገሙ፤ ይጠቅልሉት፤ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ረጅም ፀጉር ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል።

አሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ወላጆቻችን «የጥቁር ልጅ ፀጉር ቅማል አይዝም» መባላቸውን ይነግሩኛል። እዚያ በጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ላይ ብዙም እንደማይታይ እሙን ነው። የእኛ አገር ቅማል ግን የእኛን ፀጉር ለምዶታል፤ በዚህ አባባል ተዘናግቶ አለመፈተሽ አይገባም።

ቅጫምን ከፎረፎር ለመለየት ጣትዎን ይጠቀሙ። ፎረፎር እፍ ሲሉት ይበናል፤ ቅጫም በፀጉሩ አንድ ጎን ተጣብቆ አልንሸራተትም ይላል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ከራስ ቆዳ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ የሚታየው ነጭ ቅጫም የተፈለፈለ ባዶ ቅርፊት ነው። በጥፍር ተለቅሞ ቢወጣ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ለሕክምናው የሚጨምረው ነገር የለም።

አያቷ ያሉትን በአክብሮት ልመልስ። መላጨት ይሠራል፤ ቅማል እንቁላሉን የሚለጥፍበት ፀጉር ካጣ አይኖርም። ለወንድ ልጅ ቢሆን ብዙም አልከራከርም ነበር። ክፍል ፊት ስሟ የተጠራ ልጅ ራሷን ተላጭታ ወደዚያው ክፍል ስትገባ ግን ኀፍረቱ ቅማሉ ከጠፋም በኋላ ለወራት ይከተላታል፤ ሳያስፈልግ አያድርጉት። እንዶድ ሌላ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዝያን በሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ላይ ያዋሉት። አገራችን የምትኮራበት ተክል ነው። የኮራንበት ግን ስለሚገድል ነው፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ከተዋጠ ይመርዛል፤ የተጫረ የልጅ ራስ ላይ ቦታ የለውም። አያቷ ለነጠላና ለጋቢው ያቆዩት። ቅቤ ጉዳት የለውም፤ ማበጠሪያው እንዲያዳልጥ ይረዳል፤ ብቻውን ግን ቅማሉን አይጨርስም። ሎሚ፣ ኮምጣጤና ነጭ ሽንኩርት ይቅሩ።

ሕፃኑን በተመለከተ፦ ጆሮ ግንዱንና ማጅራቱን በብርሃን ይዩ። ሕያው ቅማል ካላገኙ ምንም አይቀቡት። ፐርሜትሪን ከ2 ወር ዕድሜ ጀምሮ የሚፈቀድ ቢሆንም ለ3 ወር ሕፃን በእጅ መልቀምና በስሱ ማበጠር ይበቃዋል፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል ብለው ካሰቡ ጤና ባለሙያ አይቶት ይሁን። እርስዎ ራስዎ ቅማል ካለብዎት መድኃኒቱን መቀባት ይችላሉ፤ ማጥባትዎን አያቋርጡ፤ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ሕፃኑን ይያዙ። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይፈተሽ። ከልጅቷ ጋር በአንድ አልጋ የሚተኛ ሰው አብሮ ይታከም፤ ቅማል የሌለበት ሌላው ሰው «ለጥንቃቄ» ተብሎ መቀባት የለበትም።

ለዕቃ ብዙ አይድከሙ። ከራስ የወጣ ቅማል ደም ስላጣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ባለፉት ሁለት ቀናት የለበሰችውን ሻሽና ኮፍያ፣ የትራስ ልብሷንና ፎጣዋን እጅ በማይችለው ሙቅ ውኃ ይዘፍዝፉ፤ 54 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ የሆነ ውኃ ቅማሉንም ቅጫሙንም ይገድላል። የማይታጠበውን በፌስታል አስረው ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። ማበጠሪያና ሚዶ በዚያው ሙቅ ውኃ 10 ደቂቃ ይቀመጡ። ቤት ውስጥ ፍሊት መንፋት የሚጎዳው ሕፃኑን ነው።

ማከኩ ቅማሉ ከጠፋ በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የሚያሳክከው የቅማሉ ምራቅ በቆዳዋ ላይ ያስነሣው ቁጣ ስለሆነ ሕያው ቅማል ሳያዩ መድኃኒት አይድገሙ። ራሷ ላይ እዥ ያለው ቁስል ከወጣ፣ ወይም አንገቷ ላይ ንፍፊት አብጦ ካመማት ግን ጤና ጣቢያ ትታይ፤ ባክቴሪያ ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ትምህርት ቤት ሰኞ ትሂድ። የመጀመሪያ ጊዜ ቅማል የያዘው ልጅ ማከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ዓርብ ዕለት የታየው ቅማል ከልጅቷ ጋር ክፍል ውስጥ ሳምንታት ተቀምጧል፤ አንድ ቀን በማስቀረት የሚድን ሰው የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ጤናማ ልጅ በቅማል ወይም በቅጫም ምክንያት ከትምህርት እንዳይቀር ይመክራል። መምህርቷን ለብቻቸው ያናግሩ፤ ልጅቷ ሕክምና መጀመሯን ይንገሯቸውና በአንድ ዴስክ የሚቀመጡት ልጆች ወላጆች በምስጢር እንዲነገራቸው ይጠይቁ። አብረዋት የሚጫወቱትን የሁለት ልጆች እናቶች እርስዎ ራስዎ ከቅዳሜ በፊት ይደውሉላቸው፤ እነሱም በዚያው ቀን ካላበጠሩ በ13ኛው ቀን የጨረሱት ሥራ በ14ኛው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ፀጉሯ በሹሩባ ተይዞ ይዋል፤ ሻሽና ማበጠሪያ አትዋስ፤ ሹሩባ የሚሠሩላት ሴት ለእያንዳንዱ ልጅ ማበጠሪያውን በሙቅ ውኃ እንዲያጥቡ ይጠይቁ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይፈትሿት።

ቅማል በታጠበ ፀጉርም ይኖራል። ይህን ለልጅዎ በቃል ይንገሯት፤ «እስክትጸጂ» የሚለውን ቃል ከክፍል ይዛው ወጥታለችና። ስታበጥሯት ደግሞ ሶፍቱን ለእሷ ይስጧት። የወጣውን ራሷ ትቁጠር፤ ቁጥሩን በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቅዳሜ፣ ረቡዕ፣ እሑድ፣ ሐሙስ ብላ ትጻፍ። በሐሙሱ መስመር ላይ ዜሮ ካልመጣ እስኪመጣ ድረስ በየአራት ቀኑ ይቀጥሉ።